ያውቁ ኖሯል? የአንዲት እናት መጻሕፍት ዱካ

በ1593 እ.ኤ.አ. ከታተመው የሼክስፒር «ቬነስ እና አዶኒስ» የመጀመሪያ እትም እስከ ዛሬ የተረፈው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። የሚገኘውም በኦክስፎርድ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ነው። በላዩ የሰፈረው ስም የመኳንንት ወይም የሊቅ አይደለም፤ በእንግሊዝ ስታፎርድሸር ገጠር ትኖር የነበረች የልጆች እናት፣ የፍራንሲስ ዎልፍረስተን (1607–1677) ነው።

ፍራንሲስ ተውኔትና ግጥም፣ የሃይማኖትና የሕክምና መጻሕፍት፣ በርካሽ የሚሸጡ ስስ ጥራዞችም ነበሯት። በብዙዎቹ ላይ መጽሐፉ የእሷ መሆኑን በገዛ እጇ ጽፋለች። አንዳንዴም ስለ ይዘቱ አጭር አስተያየት ትጨምራለች፤ በ«ኦቴሎ» ቅጂዋ ላይ የሚያሳዝን መሆኑን አስፍራለች።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ኑዛዜዋ ነው። መጻሕፍቱን ለልጇ ለስታንፎርድ ስታወርስ፣ ወንድሞቹና እህቶቹ ማንበብ ሲፈልጉ እንዲወስዱ፣ ሲጨርሱም ወደ ቦታቸው እንዲመልሱ፣ እሱም ሳይበታተኑ በጥንቃቄ እንዲጠብቃቸው አዝዛለች። በዚያ ዘመን የእናት ንብረት እንዲህ ለሁሉም ልጆች ንባብ መታሰቡ ትልቅ ነገር ነው።

አብዛኞቹ መጻሕፍት ለሁለት መቶ ዓመት ገደማ በቤተሰቡ እጅ ቆዩ። በ1856 ግን ለንደን ውስጥ በሶዝቢስ ጨረታ ተሸጠው በየአገሩ ተበተኑ። ተመራማሪዎች አሁን የጨረታውን ዝርዝር ከየቤተ መጻሕፍቱ መዝገብ ጋር እያመሳከሩ፣ ፊርማዋንም በየገጹ እየፈለጉ ከመቶ በላይ መጻሕፍቷን አግኝተዋል። ሥራው አድካሚ ነው፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ጠራዦች ገጾችን ሲያጥቡና ዳር ዳሩን ሲቆርጡ የብዙ የድሮ ባለቤቶችን ስም አጥፍተዋልና።