ዶክተሩ መሐል ላይ ሲያቆሙ ዕቁቤን የበሉት መሰለኝ!

እስቲ ዛሬ ደግሞ የኔን ጉድ ስሙልኝ። ስለ ፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ ስለ ጥርስ ነው። ግን ገንዘብም፣ ውሸትም፣ እናትም አለበትና ከፍቅር ታሪክ አያንስም።

ከላይ በግራ በኩል ሁለት የመንጋጋ ጥርሶቼን ካስነቀልኩ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያኔ «ደግሞ ለማይታይ ጥርስ!» ብዬ ነገሩን ተውኩት። በአንድ ወገን ብቻ እያኘክሁ ስኖር ቆይቼ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ዕቁብ ሲደርሰኝ «በቃ፣ ኢምፕላንት አስተክላለሁ» አልኩ። ኢምፕላንት ማለት አጥንት ውስጥ የሚተከል የታይታኒየም ብሎን ነው፤ ከአጥንቱ ጋር ከተዋሐደ በኋላ ጥርሱ በላዩ ላይ ይታሰራል።

እናቴ «ብቻሽንማ አትሄጂም!» ብላ ተከትላኝ መጣች። ይህቺን ነገር ያዙልኝ።

ዶክተሩ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። ሲቲ ስካኑን አይተው «የኔ ልጅ፣ ቤት ለመሥራት መሬት ያስፈልጋል፤ ያንቺ መሬት አልቋል» አሉኝ። የቀረው አጥንት ቁመቱ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ! ለካ ጥርስ ሲነቀል አጥንቱም ሥራ እንደፈታ ሰው እየከሳ ይሄዳል። ከላይኛው መንጋጋ በላይ ደግሞ ሳይነስ የሚባል አየር የሞላበት ባዶ ክፍል አለ፤ ጉንፋን ሲይዘን ጉንጫችን ሥር የሚከብደን እሱ ነው። ጥርሱ ሲጠፋ ይሄ ክፍል ወደ ታች ይሰፋል። ብሎኑ እንዲያው ቢተከል የሚይዘው ነገር አያገኝም።

መፍትሔው «ሳይነስ ሊፍት» ይባላል። ከድዱ በስተጎን በኩል አጥንቱ ላይ ትንሽ መስኮት ይከፈታል፤ ሳይነሱን ከውስጥ የሚያለብሰው ስስ ሽፋን ቀስ ተብሎ ወደ ላይ ይነሣል፤ ከሥሩ የአጥንት ብናኝ ይሞላል፤ ከዚያ ወራት ይጠበቃል። ዘዴው አዲስ አይደለም። ሒልት ታተም የተባሉ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በፈረንጆች 1976 ለሙያ አጋሮቻቸው አሳይተውታል፤ በ1980 ደግሞ ቦይንና ጄምስ የተባሉ ሐኪሞች በጽሑፍ አወጡት።

እናቴ «ዶክተር፣ አጥንቱ የምን ነው? የአሳማ እንዳይሆን!» አለች። እኔ አፈርኩ፤ እሳቸው ግን «ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ። ብናኙ ብዙ ጊዜ ከከብት አጥንት የተዘጋጀ ነው፤ ሰው ሠራሽም፣ ከራስ አካል የሚወሰድም አለ። መሸፈኛ የሚሆነው ኮላጅን ግን አንዳንዱ ከአሳማ ስለሚሠራ፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም ቀድሞ ቢጠይቅ ነውር የለውም።

ቀጥለው «ሲጋራ ታጨሻለሽ?» አሉኝ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። «ኧረ በስመ አብ! እኔ?» አልኩ። በቀን ስድስት ሰባት አጨስ ነበር።

አፍንጫዬን ያዙት

የቀዶ ጥገናው ቀን መጣ። የሚደነዝዘው ቦታው ብቻ ስለሆነ ሁሉንም እሰማለሁ። መስኮቷን ሲከፍቱ ግድግዳው ውስጥ የምታልፍ ትንሽ የደም ሥር ደማች። ዶክተሩ ሳይደናገጡ በጎዝ ተጭነው ያዙ፣ ጠበቁ፣ ቆመች። ከዚያ ሽፋኑን ማንሣት ጀመሩ። ያ ሽፋን ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ የእንቁላል ቅርፊት ውስጥ ያለችውን ስስ ቆዳ አስቡ!

ድንገት ጸጥ አሉ። ዝምታቸው ከመሣሪያው ድምፅ የባሰ አስፈራኝ። አፍንጫዬን በጣታቸው ያዙና «በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ ለመተንፈስ ሞክሪ» አሉኝ። ሞከርኩ። «አረፋ ወጣ» አሉ ለነርሷ። ሽፋኑ ተቀዷል ማለት ነው።

«ቅዳዱ ከ5 ሚሊ ሜትር ቢያንስ ኖሮ በኮላጅን ሸፍኜ እቀጥል ነበር። ያንቺ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ደርሷል። አጥንቱን ብሞላበት ብናኙ ሳይነስሽ ውስጥ ይበተንና ሊመረቅዝ ይችላል። እዚህ ላይ እናቁም፤ ሰፍቼ ልዝጋው። በአራት ወሩ እንሞክራለን» አሉኝ።

ምን ልበላችሁ! አፌ ደንዝዞ መናገር አልቻልኩም እንጂ ስድብ ሞልቶብኝ ነበር። ለጓደኛዬ ብነግራት «በልተውሻል! ሌላ ጋ ሂጂ» አለችኝ። እኔም ዕቁቤ የተበላ መሰለኝ። በኋላ ነው የገባኝ፤ የሽፋኑ መቀደድ በዚህ ቀዶ ጥገና ከሁሉም በላይ የሚያጋጥም ችግር ነው፤ የጎበዝ እጅም አያመልጠውም። ሐኪሙ የሚለካው ከተቀደደ በኋላ በሚያደርገው ነው። የሰፋውንም ጠግነው የሚቀጥሉ አሉ፤ አስተማማኝ ካልሆነ ግን ማቆም ራሱ ሕክምና ነው።

የስልኩ ኑዛዜ

በሦስተኛው ሌሊት የሲጋራ አምሮት አላስተኛ አለኝ። በጠዋት ደወልኩ። «ዶክተር፣ ዋሽቻለሁ…» አልኩና ተናዘዝኩ። ተቆጡ? አልተቆጡም። «ቅዳዱ በሲጋራው ይምጣ አይምጣ መናገር አልችልም። መዳኑን ግን ያበላሽብሻል፤ መሳቡም ቁስሉን ይጎትተዋል። ቀድመሽ ብትነግሪኝ አስቁሜሽ ነበር የምጀምረው» አሉኝ። ያን ዕለት ጣልኩት። ቀላል ነበር ብዬ አልዋሻችሁም፤ ውሸቱ ያመጣብኝ ይበቃኛል።

እናንተስ?

ከመጀመሩ በፊት፦ ሲጋራ፣ ጫት፣ የሳይነስ ሕመም፣ ስኳር፣ ደም ማቅጠኛ፣ የምትወስዱት መድኃኒት… አንዱንም አትደብቁ። ቤተሰብ አጠገባችሁ ካለና ካፈራችሁ «ዶክተር፣ ለብቻችን ላነጋግርዎት» በሉ። «ቢቀደድ ምን ያደርጋሉ? ሒሳቡስ እንዴት ይሆናል?» ብላችሁም ጠይቁ። እኔ ይህን ስላልጠየቅኩ ነው በከንቱ የተቃጠልኩት።

ከተሠራላችሁ በኋላ፦ ለሁለት ሳምንት ያህል አትናፈጡ። ማስነጠስ ከመጣ አፍንጫ ሳትይዙ አፍ ከፍቶ ነው፤ እኔ አፌን እንደ አዞ ስከፍት ቤተሰቡ ሳቁን ለቆ «ይማርሽ» የሚለኝ ጠፋ። ጭማቂ በስትሮ መሳብ ክልክል ነው። ትራስ ከፍ አድርጋችሁ ተኙ። በአውሮፕላን ለመሄድም ሆነ ለመዋኘት ሐኪሙን አስፈቅዱ። የታዘዘላችሁን መድኃኒት «ተሻለኝ» ብላችሁ አታቋርጡ።

ሮጣችሁ የምትሄዱት፦ ደሙ አልቆም ካለ፣ እብጠቱ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ከጨመረ፣ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ በአፍንጫ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም አሸዋ የመሰለ ብናኝ ከወጣ፣ የጠጣችሁት ውኃ በአፍንጫ ከመጣ። እስከ ቀጠሮ አትጠብቁ!

እኔ በአራት ወሬ ተመለስኩ። ሽፋኑ ድኖ ነበር፤ በሁለተኛው ሙከራ ሳይቀደድ ተነሣ፣ አጥንቱም ተሞላ። ስድስት ወር ጠበቅሁ፤ ከዚያ ብሎኖቹ ተተከሉ፤ እነሱ እስኪይዙ ሌላ አራት ወር። አሁን በሁለቱም ወገን ቆሎ እቆረጥማለሁ።

ባለፈው ለእናቴ ተንፍሼ እውነቱን ነገርኳት። ቡናዋን ፉት አለችና «ሹራብሽን የማጥበው እኔ አይደለሁ? ሽታው እንኳን ለኔ ለጎረቤት ይደርስ ነበር!» አለችኝ። ለካ ያ ሁሉ ውሸት ያታለለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም መቀሱን የያዘው!

በሉ፣ ቸር ይግጠመን!