«ከማን ጋር ነሽ?»

ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ንፋስ መውጫ ከተማ የደረስኩት ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነበር። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በከንቱ አይደለም። ከጉና ተራራ በስተምሥራቅ፣ በላይ ጋይንት ደጋ ላይ የተቆረቆረች ስለሆነች ማታ ማታ ነፋሱ ጋቢን አልፎ አጥንት ይሰብራል። ሻንጣዬን አንጠልጥዬ ወደ አንድ ሆቴል ገባሁና አልጋ ጠየቅሁ። የተቀበለኝ ሰው ከኋላዬ የሚከተል ሰው እንዳለ ለማየት በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ተመለከተ።

«ከማን ጋር ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ባለቤትሽስ?»

«አዲስ አበባ ነው።»

«አልጋ ተይዟል።»

ከእኔ በኋላ የገባ አንድ ነጋዴ ግን ቁልፍ ተሰጥቶት ወደ ክፍሉ ሲሄድ በዓይኔ አየሁ። በር ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት ነገሩን ሁሉ ሰምታ ኖሮ «ነይ እቴ፣ ከልጆቼ ጋር ታድሪያለሽ» ብላ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። ሦስት ልጆችና እኔ በአንድ መደብ ላይ ተደርድረን አደርን።

ያ ጥያቄ በዚያ ጉዞ ላይ የመጀመሪያው አልነበረም። የአውቶቡሱ ረዳት፣ ደብረ ታቦር ላይ ምሳ ያቀረበችልኝ አስተናጋጅ፣ በሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ ሁሉም «ከማን ጋር ነሽ?» ብለውኛል። ቄሱ ክፋት አልነበራቸውም፤ መልሴን ሲሰሙ ከያዙት ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። እናቴም በየሁለት ሰዓቱ ስትደውል «አጠገብሽ ማን አለ?» ሳትል አትዘጋም ነበር። የሁለት ልጆች እናት ሆኜ፣ የራሴን እንጀራ እየበላሁ፣ ለአንድ ሳምንት ጋይንትን፣ ሲማዳንና እስቴን ልጎብኝ ብዬ መነሣቴ ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ እንቆቅልሽ ሆኖ ነበር።

በዚያች ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ አውስትራሊያ ሴቶች ያነበብኩትን አስታወስኩ።

ውድ አንባብያን፣ አውስትራሊያ በስፋት ከአገራችን ሰባት እጥፍ ትሆናለች፤ ነዋሪዋ ግን ዛሬ 27 ሚሊዮን ገደማ ነው። አብዛኛው ሕዝብ በባሕር ዳርቻ ከተሞች ስለሚኖር መካከለኛውን የአገሪቱን ክፍል መንገደኞች ባዶ ነው ይሉታል። ነባሮቹ የአገሩ ተወላጆች በአሥር ሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት የኖሩበት ስለሆነ በእርግጥ ባዶ አይደለም። በዚህ አገር አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ የውሃ በርሜልና በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ባትሪ የተገጠመላትን አነስተኛ መኪና እየነዱ ለወራት ብቻቸውን የሚጓዙ ሴቶች አሉ። ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያደረሱ፣ ጡረታ የወጡ ወይም ባል የሞተባቸው ናቸው። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ደቡቡ ሲበርድ ወደ ሞቃቱ ሰሜን ይወጣሉ። በደቡብ ካለችው ፖርት ኦገስታ ተነሥቶ አገሩን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ዳርዊን ለመድረስ 2,700 ኪሎ ሜትር ገደማ መንዳት ያስፈልጋል። ናላርቦር በሚባለው ሜዳ ደግሞ 146 ኪሎ ሜትር ያህል አንድም መታጠፊያ የሌለው መንገድ አለ። የጨጨሆን ዳገት ወጥቶ ለወረደ ሰው ይህ ተረት ይመስላል።

ስለ እነዚህ ሴቶች ሳነብ መጀመሪያ የገመትኩት የተለየ ወኔ ነበር። በኋላ እንደተረዳሁት ግን ያላቸው ሥርዓት ነው። ለብዙ ቀን የሚበቃ ውሃ ሳይጭኑ ከከተማ አይወጡም። ጎማ መለወጥ ይችላሉ። ካንጋሩ የሚባለው አውሬ በምሽት ዘሎ መንገድ ውስጥ ስለሚገባ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ያቆማሉ። የት እንደሚያድሩና መቼ እንደሚደርሱ ለአንድ ሰው ሳይናገሩ አይነሡም፤ ስልክ በማይሠራበት በረሃ በሳተላይት የሚሠራ መገናኛ የሚይዙም አሉ። መኪና ቢበላሽ ትተውት አይሄዱም። እርዳታ ፍለጋ በእግራቸው የሄዱ ሰዎች በውሃ ጥም ሲሞቱ መኪናቸው ግን የተገኘበት ጊዜ ስላለ ሕጉ ይኸው ነው፤ ከመኪናሽ ጥላ ሥር ቁጭ ብለሽ ጠብቂ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሲመሽ የማን በር ላንኳኳ ብለው አይጨነቁም። አልጋቸው ከጀርባቸው ነው። የቆሙበት ቦታ ካላማራቸው ሞተር አስነሥተው ይሄዳሉ።

እንደዚህ ያለች መኪና ገንዘብ ትጠይቃለች፤ የሁሉም ሴት ዕድል አይደለችም። ፍርሃትም ጨርሶ አልጠፋም። ብቻቸውን መሆናቸው እንዳይታወቅ ከመኪናቸው ደጃፍ ሁለት ወንበር የሚዘረጉ፣ ትልቅ የወንድ ጫማ የሚያስቀምጡ አሉ ይባላል። የንፋስ መውጫው ጥያቄ እዚያም አለ ማለት ነው፤ ሴቲቱ ባዶ ጫማ አስቀምጣ ትመልስለታለች።

ከዚያው ከአውስትራሊያ ተነሥታ ወደ እኛ አገር የመጣችም አለች። ሲድኒ የተወለደችው ባርባራ ቶይ ላንድሮቨሯን ብቻዋን እየነዳች የአፍሪካንና የመካከለኛውን ምሥራቅ በረሃዎች ስታቋርጥ ኖራ ሰሐራን አልፋ ኢትዮጵያ ገባች። ስለዚሁ ጉዞ የጻፈችው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመ ሲሆን ርዕሱ ሳባን ፍለጋ እንደ ማለት ነው።

እናቶችን ይበልጥ የሚነካው ግን የአየርላንዷ የዴርቭላ መርፊ ታሪክ ይመስለኛል። ዴርቭላ በ14 ዓመቷ ትምህርቷን አቋርጣ፣ በመገጣጠሚያ በሽታ ሽባ የሆነች እናቷን ስታስታምም ልጅነቷ አለፈ። እናቷ ስታርፍ እርሷ 30 ዓመቷ ነበር። በዓመቱ በብስክሌት ከአየርላንድ እስከ ሕንድ ተጓዘች። በ1959 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥታ መቀሌ ላይ በልዕልት አይዳ ደስታ እርዳታ በቅሎ አገኘች፤ ስሙን ጆክ አለችው። ጓዟን ጭና በጎንደርና በላሊበላ በኩል አድርጋ በእግሯ አዲስ አበባ ገባች። ድንኳን ነበራት፤ ብዙ ሌሊት ግን ያደረችው በገበሬ ጎጆ፣ ከቤተሰቡና ከቁንጫው ጋር ነው። ሽፍቶችም ዘርፈዋታል። ኋላ ልጅ ስትወልድም መንገዷን አልተወችም። የአምስት ዓመት ልጇን ይዛ ሕንድ ሄደች፤ ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ደግሞ እናትና ልጅ በቅሎ ጭነው የፔሩን ተራሮች አቋረጡ። ዴርቭላ በ90 ዓመቷ እ.ኤ.አ. በ2022 አርፋለች።

በማግሥቱ ከንፋስ መውጫ ወደ ታች ጋይንት ወረድኩ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ኮረብታ ባሕር ዛፍ ለብሷል። ይህም ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ መሆኑን ሳስብ ለብቻዬ ሳቅሁ። ከጋይንት ተነሥታ አውስትራሊያ የምትሄድ ሴት ብትኖር ከሰው በፊት የምታውቀው ዛፉን ነው።

ዓርብ ገበያ ከተማ መግቢያ ላይ አንዲት አምሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው ሴት አህያ እየነዱ ሲመጡ አገኘኋቸው። የመጡት ከሲማዳ ሲሆን ገና ጎሕ ሳይቀድ ነው የተነሡት። ጭነታቸው ሽንብራና ጌሾ ነበር። እኔም ወጉን አልረሳሁምና «እርስዎስ ከማን ጋር ነዎት?» አልኳቸው።

«ከአህያዬ ጋር!» ብለው እስኪያነቡ ሳቁ።

ባለቤታቸው ከሞቱ 17 ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ብቻቸውን ገበያ ይወጣሉ፤ ጨውና ሳሙና፣ ለልጆቹ ደብተር ገዝተው ይመለሳሉ። «ሌሊቱንስ?» አልኳቸው።

«ሌሊቱን ምን አለብኝ፣ ልጄ! የገበያ ወዳጅ አለኝ። መጀመሪያ የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ መሽቶብኛል፣ አሳድሩኝ ብዬ የገባሁበት ቤት ነው። ኋላ ልጃቸውን ክርስትና አነሣሁ። እነሱም ወደኛ ሲወርዱ ቤቴ ቤታቸው ነው።»

ስለ መንገዱ ሲያጫውቱኝ ከመገረሜ የተነሣ ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። ሸለቆውን ብቻቸውን ሲመሽ አያቋርጡም፤ ሌላ ገበያተኛ እስኪመጣ አፋፉ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ሲነሡ ለጎረቤታቸው «እስከ ቅዳሜ ማታ ካልገባሁ ልጄን ላኪው» ብለው ይናገራሉ። ውሃ በቅል ይይዛሉ። አህያዋ እግሯን ቢያማት ጭነቱን ጥለው አይሄዱም፤ አጠገቡ ሆነው መንገደኛ ይጠብቃሉ። የአውስትራሊያዎቹን ሕግ ማንም አላስነበባቸውም፤ ግን ከሞላ ጎደል ያው ነው። ልዩነቱ ማደሪያው ላይ ነው። እነዚያ ማደሪያቸውን ከኋላቸው ይጎትታሉ፤ የሲማዳዋ እናት ማደሪያ በሰው እጅ ነው፤ 17 ዓመት ሙሉ በሽንብራና በክርስትና ልጅ ሲጠብቁት ኖረዋል።

«የሚያስፈራዎት ነገር የለም?» ብዬ ስጠይቃቸው ጥቂት ዝም ብለው «እኔ አርጅቻለሁ፤ የምፈራው ለሴቶቹ ልጆች ነው» አሉኝ። ወደ ወገዳ አብሬያቸው ለመውረድ ብፈልግም ቀኑ አልበቃኝምና እዚያው ተለያየን።

በዚህ ቦታ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ጉዞዬ ከተፈጸመ ሦስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ነሐሴ 2013 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ሲደርስ በከተማዋ ሴቶች ላይ የተፈጸመው የመደፈር ግፍ በምስክርነት ተመዝግቧል። እነዚያ ሴቶች ብቻቸውን መንገድ የወጡ አልነበሩም። ብዙዎቹ በገዛ ቤታቸው፣ ከልጆቻቸው ጋር ነበሩ። የሻይ ሻጯ መደብ ትዝ ባለኝ ቁጥር፣ ሴት ልጅ ቤቷ ብትቀመጥ ይሻላታል የሚለውን ምክር እንደ ቀድሞው መስማት አቅቶኛል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ሳቢያ ያንኑ መንገድ ወንዱም በስጋት የሚሄድበት ሆነ።

በመልሴ እስቴን፣ መካነ ኢየሱስን አይቼ ባሕር ዳር አደርኩ። በማለዳ ወደ አዲስ አበባ በሚነሣው አውቶቡስ አጠገቤ የተቀመጠችው አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። በእጇ አንድ ፌስታል ይዛለች፤ በውስጡ ቀሚስና ዳቦ ቆሎ አለ። ከእስቴ ገጠር የመጣች ናት። ከአፌ የወጣው ቃል ለራሴም ገረመኝ።

«ከማን ጋር ነሽ?»

«ለረዳቱ አደራ ተብሏል» አለችኝ። ረዳቱ ግን ስለ እርሷ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ያለፈውን ሌሊት የት እንዳደረች ስጠይቃት መናኸሪያው በር ላይ ከሴቶች አጠገብ ተቀምጣ ማንጋቷን ነገረችኝ።

ውድ እኅቶች፣ በየቤታችን እንጀራ የምትጋግርልን፣ ልጆቻችንን የምታዝልልን ልጅ በየትኛው መንገድ እንደመጣች፣ ሌሊቱን የት እንዳደረች የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? እኔ ራሴ ከእኔ ጋር ሦስት ዓመት የኖረችውን ልጅ አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። የጋይንት፣ የሲማዳና የእስቴ ልጆች ከአባይ ማዶ ተነሥተው፣ ያለ መኪና፣ ያለ ገበያ ወዳጅ፣ ብቻቸውን ተጉዘው ይደርሱናል። እኛም ስለ አውስትራሊያዋ ሴት ጀግንነት ስንጨዋወት ቡናውን የምታፈላልን እርሷ ናት።

አዲስ አበባ ስንገባ መሽቷል። ልጅቷ አክስቴ ናት ያለቻት ሴት ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ በቀሚሷ ጫፍ ተቋጥሯል። በእኔ ስልክ ደጋግመን ደወልን፤ ተዘግቷል። ገና ከአውቶቡሱ ሳንርቅ አንድ ሰው መጥቶ «ሥራ ትፈልጊያለሽ? ማደሪያም አለ» አላት። እኔን ሲያይ ዞር አለ፤ ሩቅ ግን አልሄደም። ታክሲ ጠርቼ ወደ ቤቴ ወሰድኳት። እራት በልታ ከልጆቼ ክፍል ፍራሽ ተነጠፈላት፤ ባለቤቴም ጥያቄ ሳያበዛ ብርድ ልብስ አወጣላት።

ጠዋት ስነሣ ግቢው ተጠርጓል፤ የማታው ሳህን ሁሉ ታጥቦ ተደርድሯል። ልጅቷ ተንበርክካ የሳሎኑን ወለል እየወለወለች ነበር።

«ማን እንዲህ አድርጊ አለሽ፣ የኔ ልጅ?» አልኳት።

ጨርቁን እንደያዘች ቀና ብላ አየችኝና «እትዬ፣ ደመወዙ ስንት ነው?» አለችኝ።