ሹካው ጋደም ሲል

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚወጣውን የእግር መንገድ በብስክሌት መመላለስ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሽቅቡ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ ቁልቁሉ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ሰፈሩ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ጋራው ጫፍ ላይ ሲደርሱ 3,000 ሜትር ታልፏል። መሬቱ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ክረምት የቦረቦረው ቦይ አለ፣ ልቅ ጠጠር አለ፣ በጋ ላይ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተነጥፎ ጎማ ያንሸራትታል።

የመጀመሪያዋ ብስክሌቴ ያገለገለች፣ ባለ 26 ኢንች ጎማ ነበረች። የፊት ሹካዋ ስፕሪንግ ሲጫን 80 ሚሊ ሜትር ይሰምጣል። ቁልቁለቱ እጄን ስለሚያደነዝዘኝ 120 የሚሰምጥ ሹካ ገዝቼ አስገጠምኩ። ሲገጥሙልኝ ስለ ሌላ ነገር የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በማግስቱ ሽቅቡ ላይ የፊት ጎማዬ መስመር አልይዝ አለኝ። መሪውን ትንሽ ሳዘነብለው በራሱ ክብደት ወደ ጎን ይወድቃል፤ ዳገቱ ሲጠነክር ደግሞ ከመሬት ይነሳል። ብስክሌቷ የተሰበረች መሰለኝ።

ጎረቤቴ ግንበኛ ናቸው። ነገሩን ስነግራቸው ቱምቢያቸውን ይዘው መጡ። «አንተ ልጅ፣ ጥመት በዓይን አይታወቅም፤ ለካው» አሉኝ። ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ አቆምናት። ከፊት ጎማው መሐል ቱምቢውን ጣልንና ጎማው መሬት የሚነካበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አደረግን። ቀጥሎ ቀጥ ያለ ጣውላ ወስደን መሪው ከሚዞርበት ቱቦ ጋር አስተካክለን እስከ መሬት አወረድነውና የነካበትን ምልክት አደረግን። ጣውላው የነካው ከጎማው ፊት ለፊት ነው። በሁለቱ ምልክቶች መሐል 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆነ። አሮጌውን ሹካ መልሰን ስንለካ ግን 7 ተኩል ብቻ ነበር።

ነገሩ ሁሉ ያለው በዚህች ርቀት ውስጥ ነው። የብስክሌት ሠሪዎች ትሬይል ይሏታል። የቢሮ ወንበርን ትንንሽ ጎማዎች አስቡ፤ ወንበሩን ሲገፉት ጎማዎቹ ዞረው ከኋላ ይከተላሉ። የብስክሌት የፊት ጎማም መሪው ከሚዞርበት መስመር ኋላ ስለሚነካ ወደ ቀጥታው ይመለሳል። ርቀቷ ስትረዝም በፍጥነት ሲወርዱ ብስክሌቷ ትረጋጋለች፣ ድንጋይ ብትመታም መሪውን ከእጅ አትነጥቅም። በዝግታ ሲሄዱ ግን መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ወደ ጎን መውደቅ ያበዛል።

ርቀቷን የሚወስነው በዋናነት የሹካው ዘንበል ማለት ነው። ከመሬት ሲለካ 90 ዲግሪ እንደ ምሰሶ ቀጥ ያለ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሹካው ወደ ፊት ጋደም ይላል። በተለመደ የተራራ ብስክሌት ላይ ሹካው በ20 ሚሊ ሜትር ሲረዝም አንድ ዲግሪ ያህል ይጋደማል። እኔ በ40 አስረዝሜ 71 የነበረውን ወደ 69 አወረድኩት። ኮርቻውም አብሮ ወደ ኋላ ስላዘነበለ ክብደቴ ከፊት ጎማው ሸሸ።

የተራራ ብስክሌት የተወለደው በቁልቁለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ካሊፎርኒያ ማሪን ውስጥ ወጣቶች ወፍራም ጎማ ያላቸውን አሮጌ ብስክሌቶች ሪፓክ በሚባል ቁልቁለት ማወዳደር ጀመሩ። ስሙም የመጣው ፍሬኑ ግሎ ግሪሱን ስለሚያቃጥለውና ከወረዱ በኋላ እንደገና መሙላት ስለነበረባቸው ነው። ከእነሱ አንዱ የነበረው ጆ ብሪዝ በቀጣዩ ዓመት ለዚሁ ሥራ ብሎ ብስክሌት ሠራ። የእነዚያ ብስክሌቶች ሹካ ጋደም ያለ ነበር። ቀጥሎ የመጡት ሠሪዎች ሽቅብ መውጣትን አስበው ወደ 71 ቀጥ አደረጉት፤ የዛሬዎቹ ብስክሌቶች ደግሞ እስከ 64 እና 65 ድረስ ተጋድመዋል። ጋደም ብለውም እንዲወጡ ሠሪዎቹ የኮርቻውን ምሰሶ ወደ ፊት አቀኑት፣ ቴላዮውንም አስረዘሙት። ሹካ ብቻውን ቀይሮ ያንን ማግኘት አይቻልም፤ የእኔ ስህተት ይኸው ነበር።

በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ በተመረቀው እንጦጦ ፓርክ የብስክሌት መንገድ አለ፤ እዚያ በጣም የተጋደመ ሹካ ያለው ሰው ደስ ብሎት ይነዳል። እኔ በምወርድበት መንገድ ላይ ግን ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። መንገዱን የከፈተው እግራቸው ነው። ሸክማቸው ሰፊ ነው፣ ዞር ብለው አያዩም፣ መቅደም ያለባቸውም እነሱ ናቸው። ስለዚህ በእግር እርምጃ ፍጥነት ጠበብ ባለች ጥግ ሳልወድቅ መጠምዘዝና መቆም ለእኔ ከፍጥነት ይበልጥብኛል። በመጨረሻ 100 የሚሰምጥ ሹካ አስገጠምኩ፤ 70 ዲግሪ ገደማ መሆኑ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ቀደም ብዬ እይዛለሁ፤ ሽቅቡ ላይ ግን ጎማዬ መሬት ይዟል።

ሹካ ልትገዙ ስትሄዱ አሮጌውን ከጎማው መሐል መሪው እስከሚዞርበት ቱቦ ታችኛው ጫፍ በሜትር ለክታችሁ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ። አዲሱ ከዚያ ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ከረዘመ እኔ አልገዛውም።