ሰዋስው እናስተምር ወይስ እናጽፋቸው?

በእኛ በመምህራን መካከል ሁሌ የሚነሳ አንድ ክርክር አለ። ገሚሱ «ተማሪው ሰዋስው ሳያውቅ እንዴት ይጽፋል?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ዝም ብሎ ይጻፍ፣ ሰዋስው በራሱ ጊዜ ይመጣል» ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል።

«ሰዋስው» በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። መሰላል የሚሠራው ሊወጡበት እንጂ ቆሞ ሊታይ አይደለም። መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በ1935 ዓ.ም.፣ ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ያሳተሟቸው የአማርኛ ሰዋስው መጻሕፍት ለመምህሩ ትልቅ ሀብት ናቸው። መጽሐፉን ሰሌዳ ላይ መገልበጥ ግን ሌላ ነገር ነው። «ግሥ ምንድን ነው?» ሲባል ጥርት አድርጎ የሚመልስ ልጅ፣ «እስቲ ማመልከቻ ጻፍ» ሲባል እጁ ይታሰራል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1963 የወጣው የብራዶክና የባልደረቦቹ ግምገማ፣ የሰዋስው ሕግን ለብቻው ማስተማር ጽሑፍን እንደማያሻሽል፣ የመጻፊያ ጊዜን ስለሚሻማም ሊጎዳ እንደሚችል ገልጿል። እ.ኤ.አ. በ2007 ግራሃምና ፔሪን ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው ተመሳሳይ ነገር አገኙ። አጫጭር ዓረፍተ ነገሮችን ማጣመር የተለማመዱ ተማሪዎች ግን ጽሑፋቸው ተሻሽሎ ነበር።

ታዲያ ሰዋስውን እንተወው? የለም! ለስደተኛ ሰዋስው የማርክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለዩኤንኤችሲአር በሚቀርብ ቃል ላይ «ወንድሜ ታስሯል» እና «ወንድሜ ታስሮ ነበር» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው እስር ቤት ነው፣ ሁለተኛው ወጥቷል። «አባቴን ወሰዷቸው፣ አልተመለሱም» የሚል ልጅ አክብሮቱን ወደ እንግሊዝኛ ወስዶ አባቱን «ዘይ» ካላቸው፣ አንባቢው ብዙ ሰው የጠፋ ይመስለዋል።

ስህተቱ ከየት እንደመጣ ማወቅም ይጠቅማል። በካርቱም ዴምና ጅሬፍ ሰፈር ያደጉ ልጆች ቤት ውስጥ አማርኛ፣ መንገድ ላይ ዓረብኛ ሲናገሩ ኖረዋል። ዓረብኛ «እሱ መምህር» ብሎ ይጨርሳል፣ «ነው» አያስፈልገውም። ልጁ በእንግሊዝኛ «ኢዝ» የምትለዋን ቢዘል ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በካርቱም በተነሳው ጦርነት ትምህርት ለተቋረጠባቸውማ ጊዜው የበለጠ ውድ ነው። ስለዚህ እንዲህ ብናደርግ፦

1. መጀመሪያ ይጻፉ። ለ10 ደቂቃ ስለሚያውቁት ነገር ይጻፉ፤ ቀይ እስክሪብቶ አይነሳ። ደብተሩ በቀይ የተሞላበት ልጅ በሚቀጥለው ቀን ሁለት መስመር ጽፎ ያቆማል።

2. በሳምንት አንድ ስህተት ብቻ። ደብተሮቹን ስናይ የበዛውን እንምረጥ። ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ያለ ስም ሰሌዳ ላይ ጽፈን ክፍሉ ራሱ ያርማቸው። ከዚያ ሁሉም ወደ ደብተሩ ተመልሶ የራሱን ይፈልግ።

3. ማጣመር። «ሃቡብ ተነሳ። መብራት ጠፋ። ትምህርት አልቆመም።» እነዚህን አንድ አድርጉ ብንል፣ አንዱ «ሃቡብ ተነስቶ መብራት ቢጠፋም ትምህርት አልቆመም» ይላል። ሌላው «ሃቡብ ስለተነሳ መብራት ጠፋ፣ ትምህርት ግን አልቆመም» ይላል። «ስለ» ምክንያትን፣ «ቢ...ም» ተቃራኒን እንደሚያመጣ የምንነግራቸው ያኔ ነው። ወረቀት ባይኖር በቃልም ይሠራል።

4. ጮክ ብሎ ማንበብ። ጓደኛው ሲያነብለት «ማን ነው የሄደው?» ብሎ ከጠየቀው፣ ባለቤቱ እንደጠፋ ልጁ ራሱ ያውቃል።

ፈተና ላይ «ስም»፣ «ግሥ»፣ «ቅጽል» የሚሉ ጥያቄዎች ስለሚመጡ ስሞቹን መጣል አንችልም። ግን ልጁ አስቀድሞ በጽሑፉ ላይ የተጠቀመበትን ነገር ስሙን ስንነግረው አይረሳውም።

ተማሪዎችም፣ ስህተት እንዳይመጣ ብላችሁ አጭር አትጻፉ። ያልተጻፈ ነገር አይታረምም። መምህራን ደግሞ ለአንድ ወር ሞክሩትና የመጀመሪያውን ሳምንት ደብተር ከአራተኛው ጋር አስተያዩ።