መልእክት ደረሰ የሚባለው መቼ ነው? የእንሰት አጠውልግ በሽታና የግብርና ተግባቦት

እ.ኤ.አ. በ1948 ክላውድ ሻነን የተባለ አሜሪካዊ የሂሳብ ሊቅ መረጃ ከላኪ ወደ ተቀባይ የሚተላለፍበትን ሂደት በሂሳብ የሚገልጽ ጥናት አሳተመ። በንድፈ ሐሳቡ መሠረት ምልክት በመስመር ላይ ሲጓዝ ሁካታ ይቀላቀልበታል፤ የመሐንዲሱም ተግባር ምልክቱ ሳይዛባ እንዲደርስ ማድረግ ነው። የግብርና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ግን ከዚህ የከበደ ጥያቄ ይጠብቀዋል። ምክሩ መሰማቱ ብቻ አይበቃም፤ ታምኖበት በሥራ ላይ መዋል አለበት። የግብርና ተግባቦት ጥናትና ዕቅድ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

በሆሳዕናና በዱራሜ ዙሪያ ለሚኖረው የሀዲያና የከምባታ አርሶ አደር ዋነኛ ምግብ የሆነውን እንሰት እንደ ምሳሌ እንውሰድ። እንሰት ለምርት እስኪደርስ በርካታ ዓመታት ይፈጃል። ይህን ድካም ከንቱ የሚያደርገው አጠውልግ በሽታ መንስኤው ባክቴሪያ መሆኑን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 በሳይንሳዊ ጽሑፍ ገልጸዋል። የታመመው ተክል መካከለኛ ቅጠሎች ይጠወልጋሉ፤ ግንዱ ሲቆረጥም ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል። የታመመን ተክል የሚያድን መድኃኒት የለም። ዋነኛው መተላለፊያ የታመመውን ቆርጦ ወደ ጤነኛው የሚሄደው ቢላዋ ነው። ስለዚህ ምክሩ አጭር ነው፤ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ቢላዋውንም በእሳት ወይም በበረኪና ማጽዳት።

ምክሩ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ለምን ጥናት ያስፈልጋል? ቢያንስ አራት ጥያቄዎች አስቀድመው መመለስ ስላለባቸው ነው።

አንደኛ፣ ቢላዋውን የሚይዘው ማን ነው? እንሰትን መፋቅና ማዘጋጀት በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው። ለስብሰባ የሚጠራው አባወራው ብቻ ከሆነ መልእክቱ የደረሰው ቢላዋ ለማይዝ ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ በምን ቋንቋ? በሀዲይኛና በከምባትኛ መናገር ብቻውን አይበቃም። ባክቴሪያ በዓይን አይታይም፤ ዝልግልጉ ፈሳሽ ግን ይታያል። ማስረዳት ከሚታየው ቢጀምር ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ የሚታመነው ማን ነው? ራያንና ግሮስ እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተሙት ጥናት፣ የአሜሪካ አዮዋ ገበሬዎች ስለ ድቅል የበቆሎ ዘር በመጀመሪያ የሰሙት በአብዛኛው ከሻጮች ቢሆንም ይበልጥ ያሳመኗቸው ጎረቤቶቻቸው መሆናቸውን አሳይተዋል። እኛም ዘንድ ከጎረቤት የሚዋሱት ቢላዋ በሽታውን ሊያዛምት እንደሚችል ሁሉ፣ የጎረቤት ምሳሌነትም መከላከያውን ሊያዛምት ይችላል።

አራተኛ፣ ግብረ መልሱ በምን ይመለሳል? ሬዲዮ ይናገራል እንጂ አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ2014 በአገራችን ሥራ የጀመረው 8028 የስልክ መስመር አርሶ አደሩ በሚመቸው ሰዓት ደውሎ የተቀዳ ምክር እንዲያዳምጥ አስችሏል። የጥሪዎቹ መዝገብም ምን እንደተጠየቀ ለአጥኚው ይጠቁማል። ይሁን እንጂ ስልኩ ያለው በአባወራው ኪስ ከሆነ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለሳለን።

በመሆኑም የአንድ ዘመቻ ውጤት በተደረጉት ስብሰባዎች ወይም በተበተኑት ወረቀቶች ብዛት አይለካም። መለኪያው ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ከመሄዳቸው በፊት የጸዱት ቢላዋዎች ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር ለማወቅ ውስብስብ መሣሪያ አያስፈልግም። በዕረፍት ጊዜ ወደየቀያችሁ የምትመለሱ ተማሪዎች በየጓሮው እየተዘዋወራችሁ የሚቆርጠው ማን እንደሆነ፣ በማን ቢላዋ እንደሚቆርጥና ቢላዋው መቼ እንደጸዳ ጠይቃችሁ ብትመዘግቡ፣ ለቀበሌያችሁ የልማት ሠራተኛ ጠቃሚ መረጃ ታቀብላላችሁ።