«አልራበኝም» የምትል ልጅ ሆርሞኖቿ ምን ይላሉ?

በዛሬው ጽሑፋችን ብዙ ጊዜ «ቅብጠት ነው»፣ «የዘመኑ ልጆች ጠባይ ነው» እየተባለ ስለሚታለፍ ሕመም እናነሳለን። ሕመሙ የአመጋገብ መዛባት ይባላል። በዋናነት ሦስት መልክ አለው። አንደኛው ሰውነት እስኪመነምን ድረስ ምግብን መሸሽ ሲሆን አኖሬክሲያ ነርቮሳ ይባላል። ሁለተኛው ከልክ በላይ በልቶ በማስመለስ ወይም በሌላ መንገድ ማስወጣት ሲሆን ቡሊሚያ ነርቮሳ ይባላል። ሦስተኛው ደግሞ ሳያስወጡ፣ ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት ድረስ መብላት ነው። በወጣት ሴቶች ላይ በብዛት ይታይ እንጂ ወንዶችንም ይይዛል።

እናቶች ወደ መድኃኒት ቤት መጥተው «ልጄ ምግብ አልበላ ብላኛለች፤ የምግብ ፍላጎት የሚከፍት ሽሮፕ ስጪኝ» ይላሉ። ጥያቄው ከእናት አንጀት የወጣ ነው። ነገር ግን ሽሮፑን ከማንሳታችን በፊት አንድ ነገር መጠየቅ ይገባናል፦ በእርግጥ የጠፋው የምግብ ፍላጎት ነውን?

ረሃብና ጥጋብ እንዴት ይሠራሉ?

አላህ (ሱ.ወ) በሰውነታችን ውስጥ በደም አማካይነት መልእክት የሚያደርሱ ቅመሞችን አኑሯል። ሆርሞን እንላቸዋለን። ከምግብ ጋር የተያያዙት ብዙ ቢሆኑም ሁለቱን ማወቅ ለዛሬ ይበቃናል።

የመጀመሪያው ግሬሊን ነው። ጃፓናውያኑ ተመራማሪዎች ኮጂማና ካንጋዋ እ.ኤ.አ. በ1999 ያገኙት ሲሆን በአብዛኛው የሚመነጨው ከጨጓራ ነው። ከምግብ በፊት ከፍ ይላል፣ አንጎልን «ብላ» ይለዋል፣ ከተበላ በኋላ ይወርዳል።

ሁለተኛው ሌፕቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ በጄፍሪ ፍሪድማን የሚመራው ቡድን አገኘው። ሌፕቲን የሚመነጨው በሰውነት ከተከማቸው ስብ ነው። እንደ ጎተራ ጠባቂ ልታስቡት ትችላላችሁ፤ ስቡ ሲበዛ ከፍ ይላል፣ ስቡ ሲያልቅ እጅግ ይወርድና «ጎተራው ባዶ ነው» የሚል መልእክት ለአንጎል ያደርሳል።

ጾመኛ የሆነ ሰው የግሬሊንን ሥራ ሳያውቀው ያውቀዋል። በረመዷን መጀመሪያ ቀናት፣ በለመድነው የምሳ ሰዓት ሆድ ይጮኻል። ትንሽ ቆየት ስንል ግን ምንም ሳንበላ ረሃቡ ረገብ ይላል። ግሬሊን የለመደውን የምግብ ሰዓት ጠብቆ ከፍ የሚልና ባይበላም ተመልሶ የሚወርድ በመሆኑ ነው። መግሪብ ሲደርስ ጤነኛው ሰው በተምርና በውሃ ያፈጥራል፣ ይመገባል፣ ሆርሞኖቹም ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

በአኖሬክሲያ ሕመምተኛ ላይስ?

አኖሬክሲያ የሚለው ቃል በግሪክኛ «የምግብ ፍላጎት ማጣት» ማለት ነው። ስሙ ግን ያሳስታል። የሕመምተኞቹ ደም ሲመረመር ግሬሊን ከጤነኞች ከፍ ብሎ፣ ሌፕቲን ደግሞ በጣም ዝቅ ብሎ ይገኛል። በሌላ አነጋገር ሰውነቷ «ምግብ! ምግብ!» እያለ ይጮኻል፣ አንጎሏ ግን ጩኸቱን እንደሚገባው አይቀበለውም። ውፍረትን መፍራት ከረሃቡ ጥሪ በልጦባታል። ክብደቷ ሲመለስ ግሬሊን ይወርዳል፣ ሌፕቲንም ያንሠራራል።

በዚህ ላይ ለረጅም ጊዜ የተራበ ጨጓራ ምግብን ቶሎ አያሳልፍም። ጥቂት ጉርሻ እንደወሰደች ሆዷ ይነፋል፣ ይከብዳታል። ስለዚህ «ጠገብኩ» ስትል ሁልጊዜ እየዋሸች አይደለም።

የሌፕቲን መውረድ ሌላም ጣጣ አለው። አንጎል «ጎተራው ባዶ ነው» ሲባል ለመውለድ የሚያስፈልገውን ሥርዓት ይዘጋል። የወር አበባ የሚቆመው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ኤስትሮጅን ሲያንስና ምግብ ሲጎድል አጥንትም ይሳሳል። አኖሬክሲያ ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ብዙ ሰው ከሚገድሉት አንዱ መሆኑንም ልብ በሉ።

ረሃብ ራሱ ጠባይን እንደሚለውጥ የሚያሳይ የታወቀ ጥናት አለ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለው ተመራማሪ 36 ጤነኛ ፈቃደኛ ወንዶችን ለ24 ሳምንታት ከለመዱት ግማሽ ያህል ብቻ መገባቸው። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ከዚያም ስለ ምግብ ብቻ ማሰብና ማውራት፣ የምግብ አሠራር መጻሕፍትን መሰብሰብ፣ ምግብን ቆራርሶ ለረጅም ሰዓት መብላት፣ ከሰው መገለልና መተከዝ ጀመሩ። ከጥናቱ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አልነበረባቸውም።

እንግዲህ ለኢፍጣር ሳንቡሳውን ስትጠቀልል፣ ሾርባውን ስታማስል ውላ፣ ሁሉን አብልታ እሷ የማትቀምስ ልጅ ካለች፣ ይህን ታሪክ አስታውሱ። በምግብ የተጠመደችው ስለተራበች ሊሆን ይችላል።

በልቶ ማስመለስና ያለ ልክ መብላት

በቡሊሚያ ላይ ደግሞ ችግሩ በጥጋብ በኩል ጎልቶ ይታያል። ስንመገብ ከትንሹ አንጀት ኮሌሲስቶካይኒን የሚባል ሆርሞን ይወጣና «በቃህ» ይለናል። በቡሊሚያ ሕመምተኞች ይህ ሆርሞን ከምግብ በኋላ የሚጨምረው ከጤነኞች ባነሰ መጠን መሆኑ በጥናት ታይቷል። ደጋግሞ ብዙ በመብላት የሰፋ ጨጓራም ቶሎ አይሞላም። ሕመምተኛው «ሆዳም» ስለሆነ አይደለም፤ «በቃ» የሚለው ድምፅ ደክሞ ነው የሚደርሰው።

ያለ ልክ በሚበሉና በወፈሩ ሰዎች ላይ አንዳንድ ጥናቶች ግሬሊን ከፍ ሳይል እንዲያውም ዝቅ ብሎ አግኝተዋል። ሌፕቲናቸው ብዙ ነው፣ አንጎል ግን ለምዶት አይሰማውም። ከሆድ ረሃብ ይልቅ ጭንቀት፣ ኀዘንና ብቸኝነት ወደ ምግብ ይገፋፏቸዋል። ነቀፋና ስድብ ታዲያ ምን ይጠቅማል? ጭንቀቱን ይጨምራል እንጂ።

ክብደት ለመቀነስ ብለው ሆድ የሚያስቀምጡ መድኃኒቶችን የሚገዙም አሉ። ምግብ በአብዛኛው የሚመጠጠው በትንሹ አንጀት ሲሆን መድኃኒቶቹ በብዛት የሚሠሩት በትልቁ አንጀት ነው። የሚወጣው ውሃና ፖታሲየም ነው። ማስመለስም እንዲሁ ፖታሲየምን ያጎድላል፣ የጥርስ ሽፋንን ይበላል። ፖታሲየም በጣም ሲወርድ የልብ ምት ይዛባል፣ ለሞትም ያደርሳል።

ስለ ሽሮፑ

የምግብ ፍላጎት ይከፍታል ተብሎ የሚሸጠው ሳይፕሮሄፕታዲን መሠረቱ የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ እንቅልፍ ያመጣል። ለማወፈር ተብሎ የሚወሰደው ዴክሳሜታዞን ደግሞ ስኳርና ግፊት ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ለረጅም ጊዜ ተወስዶ በድንገት ሲቋረጥም አደጋ አለው። የረሃብ ሆርሞኗ ቀድሞውንም ከፍ ላለ ልጅ ተጨማሪ ፍላጎት መክፈቻ ችግሩን አይፈታውም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትስጧት።

ጾምና ሕመሙ

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ሕመም በጾም ሊሸፈን ይችላል። ሰኞና ሐሙስን፣ ቀዷእን፣ ሌላም ሱና ጾምን እያፈራረቀች የምትጾም፣ ሱሑርን የምትዘል፣ ኢፍጣር ላይም የማትበላ፣ እየከሳች የምትሄድ ልጅ ካለች በእርጋታ ጠይቋት። በሱረቱል በቀራ ለታመመ ሰው በጾም ላይ ፈቃድ መሰጠቱን ሁላችንም እናውቃለን። ሕመም በአጥንት ወይም በሳንባ ብቻ አይወሰንም። ሐኪም ጾም ይጎዳታል ካለ ማፍጠሯ የኢማን ድክመት አይደለም። ስትድን ቀዷእ ማውጣቷን፣ ካልተቻላት ስለ ፊድያ፣ ከሐኪሙ ቃል ጋር ወደ ዓሊም ሄዳችሁ ጠይቁ።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ስለ ሰውነቷ ቅርጽ አትናገሩ፤ «ወፈርሽ»፣ «ከሳሽ» የሚለው ቀልድ ይቅር። ሁለተኛ፣ በአንድ ትሪ አብራችሁ ብሉ። በለንደኑ ሞድስሊ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተጀመረው ሕክምና ወላጆች ራሳቸው የልጃቸውን ምግብ በኃላፊነት እንዲይዙ የሚያደርግ ሲሆን ለታዳጊዎች ጥሩ ውጤት አሳይቷል። ሦስተኛ፣ ወደ ሐኪም ውሰዷት። ክብደት፣ የልብ ምትና የደም ጨው መመርመር አለበት፤ የአእምሮ ሐኪምም ማየት ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ።

አራተኛ፣ እጅግ የመነመነን ሰው በአንድ ቀን በብዙ ምግብ ለመካስ አትሞክሩ። በድንገት ብዙ ሲበላ ኢንሱሊን ይነሳና በደም ያለውን ፎስፌትና ፖታሲየም ወደ ሴሎች ያስገባል፤ ልብ ይታወካል። ምግቡ በሐኪም ቁጥጥር ደረጃ በደረጃ ይጨመር። ራሷን የምትስት፣ የልብ ምቷ በጣም የቀነሰ ወይም ደረቷን የሚያማት ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ውሰዷት።

ሆርሞኖቹ የሚመለሱት ምግብ ሲመለስ ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ ወራትም ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ልጃችሁ የሚያስፈልጋት ቁጣ ሳይሆን ሶብር ያለው ቤተሰብ ነው። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን፣ ለሚያስታምሙትም ብርታቱን ይስጥ። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም።