ንባብ ቤት፦ ክፍልና ደወል የሌለው ትምህርት ቤት

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ፣ ከከተማ ወጣ ብሎም በጃቢ ጠህናን ገጠር፣ ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ ያለፈ ሰው የልጆች ድምፅ ሲንጫጫ መስማቱ አይቀርም። አንዱ «ሀ ግእዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» ይላል። ከጎኑ የተቀመጠችው «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያለች ትወርዳለች። ከፍ ያለው ደግሞ ዳዊቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያነበንባል። ሁሉም የየራሱን በጩኸት ይላል፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። ለማያውቀው ሰው ጫጫታ ነው። በመካከል ለተቀመጡት መምህር ግን የአንዷ ሕፃን ስሕተት ከዚያ ሁሉ ድምፅ ተነጥሎ ይሰማቸዋል፤ ፊታቸውን ሳያዞሩ «ተመለሽ!» ይሏታል።

ይህ ንባብ ቤት ነው፤ የአብነት ትምህርት የመጀመሪያው ደረጃ። ከእሱ በላይ ቅዳሴ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤትና መጻሕፍት ቤት አሉ። ጎጃም በአገር ሁሉ ስሟ የሚጠራው በላይኞቹ ቤቶች ነው፤ በቅኔ ከታወቁት ከሦስቱ ቤቶች ዋድላ የወሎ ሲሆን ዋሸራና ጎንጅ ሁለቱም የጎጃም ናቸው። ስለ ቆሎ ተማሪው፣ ስለ ደበሎውና ስለ አኩፋዳው ብዙ ተጽፏል። ስለ ታችኛው ቤት የሚጻፈው ግን ጥቂት ነው፤ ምናልባት ሁሉም ሰው የሚያውቀው ስለሚመስለው ይሆናል። የቆሎ ተማሪ ከአገሩ ርቆ፣ ለምኖ እየበላ የሚማር ነው። የንባብ ቤት ልጅ ግን የሰፈር ልጅ ነው። ጠዋት እናቱ ፊቱን አጥባ ትልከዋለች፣ ሲመሽ ቤቱ ይገባል። ወላጅና መምህር በየሳምንቱ በቅዳሴ ወይም በገበያ ይገናኛሉ። እኔም ይህን ቤት በቅርብ ያወቅሁት በወላጅነት ነው።

በከተማችን መዋዕለ ሕፃናት ሰኔ ላይ ሲዘጋ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ለሐምሌና ለነሐሴ ወደ የኔታ ይወስዳል። ቡሬ ያሉ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ልጆቻቸውን በዚሁ ወቅት ወደ ቁርአን ቤት ይልካሉ፤ እዚያም ልጁ በእንጨት ሰሌዳው ላይ ያለውን ጮክ ብሎ እያነበበ መምህሩ ያርሙታል። ልጄ አምስት ዓመት ሲሞላት ያመጣኋት በዚህ ልማድ ነበር፤ ክረምቱ እስኪያልፍ ቤት ከምትውል ብዬ። መስከረም ሲጠባ ግን ላስወጣት አልፈለግሁም። በትልቅ ክፍያ የምንፈልገው ትንሽ ትምህርት ቤት፣ መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ በስሙና በጠባዩ የሚያውቅበት ቤት፣ እዚሁ ሰፈራችን ዋንዛ ሥር እንዳለ አየሁ።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ልጅ ሲገባ የሚሰጠው የፊደል ገበታ ነው፤ 33 ፊደላት በሰባት ሰባት ድምፅ፣ በጠቅላላው 231። መጀመሪያ ሀሁን በተርታ ይላል። ልጆች ይህን ቶሎ ይለምዱታል፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ዜማው በአፋቸው ስለሚገባ ዓይናቸው ወዲያና ወዲህ እያየ እንኳ እስከ ታች ይወርዱታል። ስለዚህ አቡጊዳ ይመጣል። አ ከግእዙ፣ ቡ ከካዕቡ፣ ጊ ከሣልሱ፣ ዳ ከራብዑ እየተወሰደ ተርታው ይፈርሳል። አፍ የለመደው እዚህ አያዋጣም፤ ልጁ ፊደሏን ማየት አለበት። የኔታ በዚህም አያቆሙም፤ በስንደዶ ከግርጌ ወደ ራስ፣ ከዳር ወደ መሐል እየጠቆሙ ይጠይቃሉ። ማንበብን ስለማስተማር ከሰማሁት ሁሉ እንደዚህ ብልህ ዘዴ አላየሁም። ልጁ ፊደሉን አውቆት ይሁን ሸምድዶት፣ ሌላ ፈተና ሳያስፈልግ የሚለየው እዚያው በትምህርቱ ውስጥ ነው።

ከአቡጊዳ በኋላ ፊደለ ሐዋርያ ይባላል፤ የዮሐንስ የመጀመሪያው መልእክት ነው። አንዱን ጽሑፍ ደጋግሞ በተለያየ መንገድ ማንበብ የሚጀመረው እዚህ ነው። መጀመሪያ ፊደል በፊደል እየተጠቆመ በቁጥር፣ ከዚያ በግእዝ፣ ከዚያ በውርድ፣ በመጨረሻ በቁም ንባብ ይነበባል። ቁም ንባብ ላይ የደረሰ ልጅ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉትን የቃል አነባበቦች መለየት አለበት፤ ድምፁ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚያርፍ። ቀጥሎ ወንጌለ ዮሐንስ፣ ቀጥሎ ዳዊት። ዳዊት 150 መዝሙር ነው፤ አሥር አሥሩ አንድ ንጉሥ እየተባለ በ15 ይከፈላል፤ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይና ውዳሴ ማርያም ይከተሉታል። ልጅ ዳዊት የደገመ ቀን ቤተሰቡ ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ጋግሮ፣ አቅም ያለው በግ አርዶ ጎረቤት ይጠራል፤ ለየኔታም ጋቢ ወይም ሌላ ስጦታ ይቀርባል። የመመረቂያው በዓል ይኸው ነው።

በዚህ ሁሉ መሐል ክፍል የሚባል ነገር የለም። አንድ ቀን የኔታን «ልጄ ከእኩዮቿ ስንተኛ ላይ ናት?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «የምን ስንተኛ ነው ልጄ? አቡጊዳን ልትጨርስ ነው፤ ሙ ላይ ትስታለች» አሉኝ። ከዚያ በፊት ስለ ልጄ ትምህርት እንደዚህ የጠራ መልስ ሰጥቶኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ደረጃ የያዘ ካርድ ሌላ ቦታ አግኝቻለሁ፤ የምትስተውን ፊደል ለይቶ የነገረኝ ግን የለም። ሳይችል የሚያልፍ ልጅ የለም፤ ችሎ ሌሎችን የሚጠብቅም የለም።

ይህን ከመደበኛው ትምህርት ጋር ሳስተያየው ያሳስበኛል። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ዘመን የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ልጆች ሳይወድቁ በነፃ ያልፉ ነበር፤ ሐሳቡ ልጅ ተስፋ ቆርጦ እንዳያቋርጥ ነበር፣ መልካም ሐሳብም ነው። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ተማሪዎች የንባብ ችሎታ ሲለካ፣ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። አንድ መምህርት በክፍሏ ስልሳና ሰባ ልጅ ይዛ የእያንዳንዱን ንባብ መስማት ስለማትችል እሷን አልወቅስም። ዋንዛው ሥር ያለው ቤት ግን የተሠራው በመስማት ላይ ነው።

የኔታም ብቻቸውን አይችሉትም። የሚያስችላቸው ከፍ ያለው ልጅ ታናሹን ማስቀጸሉ፣ ማለትም እያስደገመ ማለማመዱ ነው። ዳዊት የያዘው ወንጌል የጀመረውን፣ ወንጌል የጀመረው ፊደል ቆጣሪውን ያስቀጽላል። ልጄን መጀመሪያ ያስቀጸላት ዘጠኝ ዓመት የማይሞላው የጎረቤት ልጅ ነበር፤ ስትስት ትዕግሥቱ ያስገርመኝ ነበር። አሁን እሷ በተራዋ አንዲት ትንሽ ልጅ ይዛለች፤ ማታ ማታ «ገበታውን ገልብጣ ትይዛለች» እያለች ትነግረናለች። ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ በሳን ሎሬንዞ ሰፈር የልጆች ቤቷን ስትከፍት በዕድሜ የተለያዩ ልጆችን በአንድ ክፍል አስቀምጣ ነበር፤ ዛሬ በዓለም ዙሪያ፣ በአዲስ አበባም ጭምር፣ በስሟ የሚጠሩ ትምህርት ቤቶች ይህን እንደ ዋና መርሕ ይዘውታል። በእኛ ደብሮች ግን ይህ ጥንትም የነበረ ነው።

ትምህርቱ በገበታ ብቻ አያልቅም። ልጆቹ ግቢውን ይጠርጋሉ፣ ውኃ ይቀዳሉ፣ ከቤት የያዙትን ቆሎ አንድ ላይ አፍስሰው ይካፈላሉ፣ ሽማግሌ ሲያልፍ ይነሣሉ። ሲመሽ የቃል ትምህርት አለ፤ ከአቡነ ዘበሰማያት ተነሥቶ እስከ ውዳሴ ማርያምና መልክአ ማርያም ያለ መጽሐፍ በጆሮ የሚያዝ ነው። ቤታችን ውስጥ ይህን የምትከታተለው እናቴ ናት። ፊደል አልቆጠረችም፤ ውዳሴ ማርያምን ግን ዕድሜዋን ሙሉ በቤተ ክርስቲያን ስትሰማ ኖራለችና የልጅ ልጇ አንድ ቃል ስትዘል ወዲያው ታቆማታለች። አያትና የልጅ ልጅን በአንድ ትምህርት ላይ እኩል አድርጎ የሚያስቀምጥ ሌላ ትምህርት ቤት አላውቅም።

የሚጎድለውንም መናገር አለብኝ፤ የሚጎድለው ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ጨንገሩ ነው። በቀድሞው ዘመን ቅጣት የትምህርቱ አካል ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ከንባብ ቤት ጠባሳ ይዘው የወጡ፣ ፈርተው ፈጽሞ ያልተመለሱም ብዙ ናቸው። ሁለተኛው ትርጉም ነው። ልጁ ዳዊትን የሚያነበው በግእዝ ነው፤ የሚያነበውን እንዲያውቅ የሚጠበቀው ከብዙ ዓመት በኋላ ቅኔ ቤት ሲገባ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ እዚያ አይደርስም። ሦስተኛው ጽሕፈት ነው። በጥንቱ ሥርዓት ማንበብና መጻፍ የተለያዩ ሙያዎች ነበሩ፤ መጻፍ ሸምበቆ ቀርፆ፣ ብራና ዳምጦ የሚሠራው የቁም ጸሐፊው ድርሻ ነበር። ዳዊት የደገመ ሰው ስሙን መጻፍ ላይችል ይችላል። ሒሳብም የለም። ሴት ልጅም ለረጅም ዘመን በዚህ ቤት ብርቅ ነበረች፤ ዛሬ በከተሞቻችን ይህ እየተለወጠ ነው፣ ገጠር ግን ገና ይቀረዋል።

ስለዚህ ንባብ ቤት ብቻውን ይበቃል አልልም። ከመደበኛው ትምህርት ጋር ሲጣመር ምን እንደሚያደርግ ግን አይቻለሁ። ፊደሉ አንድ ስለሆነ የግእዙ ንባብ ሲከፈት የአማርኛው አብሮ ተከፈተ፤ ልጄ በአስፋልቱ ዳር የሱቅና የፋርማሲ ጽሑፍ እያነበበች መሄድ ስትጀምር አማርኛ ማንበብን ለይቶ ያስተማራት ሰው አልነበረም። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች አልፈው ነው ወደ ዘመናዊው የሄዱት፤ አቤ ጉበኛም እንደዚያው ከቤተ ክህነት ትምህርት ተነሥቶ ነው ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት የገባው። ከታች የተጣለው መሠረት በጽሑፋቸው ውስጥ ይታያል ብዬ አምናለሁ።

ይህን አሁን እንድጽፍ ያስገደደኝ ሌላም ነገር አለ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ተዘግተዋል፤ ምዕራብ ጎጃም ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ነው። ሕንፃ፣ መጽሐፍና ደመወዝ የሚያስፈልገው ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ አንድ መምህርና አንድ ጥላ የሚበቃው በእኛ ሰፈር መቀጠል ችሏል። ይህ ግን በነፃ የሚገኝ ነገር አይደለም። የኔታ የሚኖሩት ወላጅ በሚሰጣቸው ነው፤ ገጠር በመከር ጊዜ ቁና ጤፍ ወይም በቆሎ፣ ከተማ በየወሩ ጥቂት ብር። እህሉ ሲወደድ የሚሰጠው ይቀንሳል፤ ወጣት መሪጌቶችም ንባብ ማስተማሩን ትተው ሌላ እንጀራ ይፈልጋሉ። ላይኞቹን ቤቶች ለማዳን የሚደክሙ ሰዎች አሉ፤ ታችኛው ቤት ከተዘጋ ግን ወደ ላይ የሚወጣ ተማሪ ከየት ይመጣል?

በእኛ አጥቢያ ወላጆች ተሰብስበን ከየኔታ ጋር ተነጋግረን ነበር። ሦስት ነገር አቀረብን፦ ክፍያው በወር በወሩ በአንድ ቀን እንዲሰጣቸው፣ ከሰዓት በኋላ አንድ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ እርሳስና ደብተር ይዞ ልጆቹን ጽሕፈት እንዲያለማምድ፣ ጨንገሩም እንዲቀር። የመጀመሪያውን አመስግነው ተቀበሉ። ሁለተኛውን ካሰቡበት በኋላ «ገበታውን እስካላስጣላቸው ድረስ ይሁን» አሉ። ስለ ጨንገሩ ግን ጥቂት ዝም አሉና «እኔ የምመታው ያረፈደውን ነው፤ ልጁ ከየት ያረፍዳል? እናንተ ናችሁ የምታስረፍዱት። በሰዓቱ አምጡልኝና አልነካም» አሉን። ከዚያ ወዲህ ወላጆች በተራ የሰፈሩን ልጆች ጠዋት ሰብስበን እናደርሳለን፤ ማክሰኞና ዓርብ የእኔ ተራ ነው።